መዳፍ መዶሻ ሲሆን፦ «ብርድ ነው» የተባለው ጣት

ሰላም ሰላም! እንዴት ሰነበታችሁ? መዳፋችሁን እስቲ ዘርጉት። በትንሿ ጣት በኩል፣ ከአንጓችሁ አለፍ ብሎ ያለውን ጉብ ያለ ሥጋ አገኛችሁት? ጎሚስታ ቤት ቆማችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ጎማው ቸርኬው ላይ አልገባ ሲል ልጁ በምን ይመታዋል? በዚችው! አንዴ፣ ሁለቴ፣ ቀኑን ሙሉ። መዶሻው አጠገቡ ተቀምጦ! ዛሬ የማወራችሁ እንዲህ በመዳፍ በመምታት ስለሚመጣ የጣት ሕመም ነው፤ ሲበርደው ጣቱ ይነጣል፣ ሰውም «ብርድ ነው» ይለዋል።

አሁን የምወዳት ምሳሌ። ግቢያችሁ ሁለት የውሃ መስመር አለው እንበል። አንዱ ከመንገድ፣ ሌላው ከሮቶ። ወጥ ቤት ጋ ተጋጥመዋል። የመንገዱ ሲጠፋ ሮቶው ይደርሳል፤ ሰሃን እያጠባችሁ መጥፋቱንም አታውቁም። መጋጠሚያው ከጠበበስ? ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። መዳፍም እንዲሁ ነው። በአውራ ጣት በኩል አንድ ደም ቅዳ ቧንቧ፣ በትንሿ ጣት በኩል ሌላ፤ መዳፍ ውስጥ ይገናኛሉ። የአንዳንዱ ሰው መጋጠሚያ ሰፊ ነው፤ የአንዳንዱ የይስሙላ። ጎሚስታው የሚደበድበው የትንሿን ጣት መስመር ነው። ከሥሩ አጥንት፣ ከላዩ ቆዳና ስስ ሥጋ። የቧንቧው ግድግዳ ይጎዳል፤ ወይ ያብጣል፣ ወይ ደም ይረጋበታል። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣለት የሕክምና ስምም መዶሻ አለበት፦ «ሃይፖቴናር ሃመር ሲንድረም»፤ ሃመር ማለት መዶሻ ነው። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም።

ባለፈው ሳነሳው ግማሻችሁ «ብርድ ነው» አላችሁኝ። ወገኖቼ፣ እኛ አገር ብርድ ያልመታው ነገር አለ? ወገብ ብርድ፣ ጥርስ ብርድ፣ ሆድ ብርድ! እሺ፣ ሲበርደው ጣቱ ይነጣል፤ አልካድኩም። ግን ብርድ ብቻ ቢሆን ለምን አንድ እጁን? ለምን የሚመታበትን? አውራ ጣቱስ ለምን ደህና ሆነ? አውራ ጣት የሚጠጣው ከሌላው መስመር ነዋ! ብርዱ አሳባቂ እንጂ ጥፋተኛ አይደለም። ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር የረጋ ደም አያሟሟም። ሲብስ ጣቱ ጫፍ ላይ ቁስል ይወጣል።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ ደወሏን ንኳት። በመዳፍ አትምቷት ብቻ።

ሕክምናው በአጭሩ። መጀመሪያ መምታት ማቆም፣ ሲጋራ ማቆም፣ ደም ማቅጠኛ። አልሆን ካለ የተበላሸው ቁራጭ በቀዶ ጥገና ይወጣል። ሮቶው በቂ ከሆነ ጫፎቹን ማሰር ይበቃል። ካልሆነ ከክንድ ወይም ከእግር ደም መልስ ተቆርጦ ይተካል፤ ጫፍና ጫፉ ተቀያይሮ! ውስጡ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ በሮች አሉበታ። ስፌቱ በማይክሮስኮፕ፣ ከፀጉር በቀጠነ ክር።

ከዚያ ጎሚስታችን የጎማ መዶሻ ይገዛል።