መጀመሪያ ቱቦው

እንደምን አደራችሁ፣ የሰፈሬ ሰዎች፣ ዓሳ አስጋሪዎቻችን፣ እንግዶቻችን።

የተጠራሁት ስለ ሐዋሳ ሐይቅ እንድናገር ነው። እኔ ግን ስለ ጥቁር ውሃ ባወራ ይሻለኛል። ክረምት ከበጋ ወደ ሐይቃችን የሚፈሰው ወንዝ እሱ ብቻ ነው። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ደግሞ የለም። ውሃው በፀሐይ ይተናል፤ ከፋብሪካ ፍሳሽ ጋር የሚገባው ክሮሚየም የሚባል ብረት ግን አይተንም። ደለሉ ውስጥ ይተኛል፣ ከዚያ ወደ ትሉ፣ ከትሉ ወደ አምባዛው። አሞራ ገደል ቁጭ ብለን ጥሬ ዓሳ በአዋዜ የምንበላ ሰዎች (እኔም አንዱ ነኝ) ቀጣዩን መገመት አያቅተንም።

የጽዳት ዘመቻ እንወጣለን። ጥሩ ነው፣ ሃይላንዱ ይለቀማል፣ ፎቶም እንነሳለን። ኬሚካል ግን በጆንያ አይለቀምም። «ደለሉን በማሽን እንዛቀው» የምትሉም አላችሁ። ደለሉ ሲታመስ የተኛው ብረት ተመልሶ ውሃው ውስጥ ይገባል። የተዛቀውንስ የት እንድፋው? ማን ደጅ?

ስለዚህ መጀመሪያ ቱቦው፣ ፋብሪካ ፍሳሹን የሚለቅበት። የጨርቅ ማቅለሚያ ፍሳሽ ትኩስ ነው፣ ጨው ይበዛዋል። ቀለሙ ብርሃን ይከለክላል። ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት ኦክስጅኑን ይጨርሱታል፤ ዓሳው ይታፈናል። ይህ ሁሉ ግን ከግቢ ሳይወጣ ሊታከም ይችላል። ይቀዘቅዛል፣ ኬሚካል ተጨምሮበት ብረቱ ይዘቅጣል፣ ዝቃጩ ለብቻው ይወሰዳል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርካችን የተሠራው ፍሳሹን አክሞ መልሶ እንዲጠቀምበት ታስቦ ነው። «አይቻልም» የሚለን ካለ ይሄን እናሳየው። የተረፈውን ጨለለቃ የሚባለው ረግረጋችን ቄጠማ ያጣራልን ነበር፤ እሱንም እያረስን ጨረስነው።

ሕጉስ? አለ። አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ያጽዳ፣ ወይም የማጽጃውን ይክፈል ይላል። አቤት ለማለት እኔ ተጎዳሁ ብላችሁ ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። ማንም ሰው ይችላል። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ በቀጣዩ 60 ቀን ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል።

ባዶ እጃችንን ግን አንሄድም። የወንዙ ቀለም የሚቀየረው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው ብላችሁኛል። እንግዲያው ለምርመራ የሚሆን ውሃ ጠዋት መቅዳት ዋጋ የለውም። ለእሑድ አጥቢያ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድልድዩ ጋ እንገናኝ። ጠርሙስና በረዶ እኔ አመጣለሁ። ባትሪ ያላችሁ ያዙ፤ ብቻችሁን ደግሞ አትምጡ፣ በዚያ ሰዓት ጉማሬ ይወጣል።