ማሽኑ አርጅቷል ከማለታችን በፊት
በኮምቦልቻ ለማሽን ኦፕሬተር ተመራቂዎች የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ አሠልጣኞች፣ ከየፋብሪካው የመጣችሁ የጥገና ኃላፊዎች፣ የዛሬ ተመራቂዎችና ወላጆች፤ እንኳን ለዚህ ቀን አደረሳችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ሙያ ሥነ ምግባር እንድናገር ጠይቀውኛል። እኔ ግን ሥነ ምግባርን ከማሽኑ ነጥዬ አላውቀውምና፣ ብዙዎቻችሁ ነገ ስለምትቆሙበት አሮጌ ሲኤንሲ ሚሊንግ ማሽን፣ ማለትም በኮምፒውተር እየታዘዘ ብረት ስለሚቆርጠው ማሽን፣ እና ስለ ፊዱ፣ ማለትም መቁረጫው በብረቱ ላይ ስለሚሄድበት ፍጥነት እናገራለሁ። በ2014 ዓ.ም. ከተማችን በጦርነቱ ያየችውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከዚያ በኋላ የተረፈውን ማሽን ገመዱን ቀጥለን፣ ካርዱን አጽድተን ያስነሳነው እኛው ነን፤ ስለዚህ «አርጅቷል» እየተባለ ሲወቀስ ዝም ብዬ መስማት አልችልም።

ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ወርክሾፕ፣ ቁጥሩ 6208 ለሆነ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) መቀመጫ የሚሆኑ የብረት ቤቶች ታዘዙልን። ቀዳዳው 80 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚፈቀደው ልዩነትም ከ80.000 እስከ 80.030 ብቻ ነበር። አንድ ጠንቃቃ ልጅ በ20 ሚሊ ሜትር መቁረጫ፣ በደቂቃ 300 ሚሊ ሜትር ፊድ፣ የመጨረሻውን የማጣሪያ ዙር እያዞረ በትክክል ያወጣቸው ነበር። የፈረቃው አለቃ መጥቶ «በዚህ አካሄድ መቼ ልታደርስ ነው?» አለና ፊዱን ወደ 1,200 አስወጣው። ቀዳዳው በ5 መቶኛ ሚሊ ሜትር ያህል ጠበበ፤ ኩሽኔታውም አልገባም አለ። ልጁ በታዘዘው መሠረት ኦፍሴቱን፣ ማለትም የመቁረጫውን መንገድ የሚያሰፋውንና የሚያጠበውን የማካካሻ ቁጥር፣ አስተካከለና ልኩ ተመለሰ፤ ሁሉም ደስ አለው። ማታ የገባው ተረኛ ግን የማሽኑን ድምፅ ሰምቶ ሰጋና የፊዱን ማዞሪያ 50 በመቶ ላይ አደረገው። ጠዋት የቀዳዳ መለኪያውን፣ ቦር ጌጁን፣ ስናስገባ መርፌው 80.05 ላይ ቆመ። ኩሽኔታው በእጅ ተገፍቶ እየገባ ቤቱ ውስጥ ይሽከረከር ነበር። ያን ሌሊት የተሠራው ሁሉ ተጣለ፤ ደመወዝ የተቆረጠበት ግን ልጁ ነው። በሪፖርቱ ላይ የተጻፈውም «የማሽን እርጅናና የኦፕሬተር ቸልተኝነት» የሚል ነበር።

ይህ ፍርድ ሐሰት ነበር! ዛሬም በዚህ መድረክ ላይ ሐሰት ነው እላለሁ!

የአሮጌ ማሽን ጠረጴዛ ኮንትሮለሩ፣ ማለትም የማሽኑ ኮምፒውተር፣ በሚያዝበት ቅጽበት የታዘዘበት ቦታ ላይ አይገኝም፤ ከትእዛዙ ኋላ ኋላ ይከተላል። በዚያ ማሽን ስክሪን ላይ እናነበው የነበረው መዘግየት በ1,000 ፊድ 1 ሚሊ ሜትር፣ በ1,200 ደግሞ 1.2 ሚሊ ሜትር ነበር። አዳዲሶቹ ኮንትሮለሮች ይህን አስቀድመው ያካክሳሉ፤ የእኛው አያደርገውም። በቀጥታ መስመር ላይ ጉዳት የለውም፤ ጠረጴዛው ዘግይቶም ቢሆን ከመጨረሻው ነጥብ ይደርሳል። ክብ ላይ ግን፣ ከደሴ ሐረጎን የሚወርድ ሹፌር ፍጥነቱን ሳይቀንስ ኩርባ ሲገባ ወደ ውስጥ እንደሚቆርጠው ሁሉ፣ መቁረጫውም ወደ መሐል ይቆርጣል። ስህተቱ ከፊዱ እኩል አያድግም፤ ፊዱ እጥፍ ሲሆን ስህተቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የዚያን ቀዳዳ ሂሳብ እኔ ራሴ ሠርቼዋለሁ፤ በዲያሜትር 0.048 ሚሊ ሜትር በ1,200፣ 0.012 በ600፣ 0.003 በ300 ይወጣል። ልጁ ያስተካከለው ኦፍሴት ለ1,200 ብቻ ትክክል ስለነበር፣ ፊዱ በግማሽ ወደ 600 ሲቀንስ ቀዳዳው የሰፋው በዚሁ ምክንያት ነው። ማሽኑ የታዘዘውን በታማኝነት ሠርቷል።

ፊድን መቀነስ ለሁሉም ችግር መድኃኒት ነው እያልሁ አይደለም። አራት ጥርስ ያለውን መቁረጫ በደቂቃ 2,000 ዙር እያዞራችሁ ፊዱን 100 ብታደርጉት፣ እያንዳንዱ ጥርስ የሚያገኘው ከ0.0125 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ያን ጊዜ መቁረጡን ትቶ ብረቱን ይፈትገዋል፣ ጥርሱም ይደነዝዛል። የቦልስክሪው፣ ማለትም ጠረጴዛውን የሚነዳው ጥምዝ ዘንግ፣ ልልነት (ባክላሽ) በፊድ አይድንም፤ በዲያል ጌጅ ተለክቶ መስተካከል አለበት። ኮንትሮለሩ በአጫጭር መስመሮች የተጻፈ ፕሮግራም ማንበብ አልደርስ ብሎ ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ ግን ፊዱን ዝቅ አድርጉለት።

የጥገና ኃላፊዎች፣ እናንተን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የማጣሪያው ዙር ፊድ ከኦፍሴቱ ጎን በፈረቃ መዝገቡ ላይ ይጻፍ፤ የለወጠው ሰው፣ አለቃም ቢሆን፣ ይፈርምበት። በዚያ ዓምድ ላይ የአለቃው ፊርማ ቢኖር ኖሮ የዚያ ልጅ ደመወዝ አይቆረጥም ነበር። ተመራቂዎች ሆይ፣ «ፊዱን ጨምር» ስትባሉ በመጀመሪያ አንድ ቀዳዳ በአዲሱ ፊድ ሠርታችሁ፣ ለክታችሁ፣ ቁጥሩን ላዘዛችሁ ሰው አሳዩት።

አመሰግናለሁ።