ሲያሸንፉ ጥሩኝ ላለው ወንድማችን

የተከበራችሁ እንግዶች፣ እናቶችና አባቶች፣ የሴቶች እግር ኳስ ደጋፊ ማኅበራችን አባላት፣ እንደምን አደራችሁ! እንኳን በሰላም መጣችሁ። አዳራሹን የፈቀዱልንን፣ ከንጋት ጀምረው ቡና ያፈሉልንን እናቶች እግዜር ይስጥልን። ምስጋናው በዚህ ይብቃኝ። ሆዴ ውስጥ የከረመ ነገር አለ።

የሠራነውን ጸሐፊያችን ታነብላችኋለች። እኔ ባጭሩ ልበል። እዚሁ ጎንደር፣ አዘዞ ላይ የታዳጊ ሴቶች ልምምድ አልተቋረጠም። ኳስ ገዝተናል። ማልያም አሰፍተናል። ቁጥሩ በሁለተኛው እጥበት ለቀቀ እንጂ ማልያስ ማልያ ነው።

አሁን ወደ ጭቅጭቁ።

ጥቅምት 14 ቀን 2016 ዓ.ም. የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን ሉሲዎቹ አዲስ አበባ ላይ ከናይጄሪያ ጋር 1 ለ 1 ወጡ። የኦሊምፒክ ማጣሪያ ነበር። የዚያን ቀን የቴሌግራም ግሩፓችንን ያየ ሰው ፓሪስ ትኬት የቆረጥን ይመስለው ነበር። "አንበሶቼ!" ያላለ የለም። በስድስተኛው ቀን አቡጃ ላይ 4 ለ 0 ተሸነፉ። ያው ግሩፕ ስድብ ብቻ ሆነ። አንዱ አባላችን "ከእንግዲህ መዋጮ አልከፍልም፣ ሲያሸንፉ ጥሩኝ" ብሎ ጻፈ። እሱን አይተው ሌሎችም ተከተሉ። ካዝናችን የሳሳው ከዚያ ወዲህ ነው።

ናይጄሪያ እኮ ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት በሴቶች ዓለም ዋንጫ እንግሊዝን እስከ ፍጹም ቅጣት ምት ያደረሰች ናት። ይህ ሽንፈቱን ጣፋጭ አያደርገውም። እኔም አዝኛለሁ፣ እራቴንም አልበላሁም። ግን ምን አዋጥተን ነው ምን የምንጠብቀው?

ሉሲዎቹ በ1997 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ ከአፍሪካ አራተኛ የወጡ ሴቶች ተተኪዎች ናቸው። በ2014 ዓ.ም. በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ በኡጋንዳ 2 ለ 0 ተሸንፈው መጥተው፣ አገር ቤት 2 ለ 0 አሸንፈው፣ በፍጹም ቅጣት ምት ነው የወደቁት። አጥቂዋ ሎዛ አበራ ከዱራሜ ተነስታ ማልታ ድረስ ሄዳ ጎል አዝንባለች። ችሎታው አለ። የጎደለው ሌላ ነው።

አዘዞ ኑና እዩት። ወንዱ ልጅ በስድስት ዓመቱ ሰፈር ውስጥ ኳስ ሲጠልዝ ይውላል። እህቱ ውኃ ትቀዳለች፣ ታናሿን ታዝላለች። ኳስ የምትነካው በአሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ያውም ቤተሰብ ከፈቀደ። እኛ ጋ ሁለት ልጆች አንድ ታኬታ ለሁለት ያደርጋሉ። አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ሜዳው ዳር ተቀምጣ ታጠልቃለች። አገር ለብሔራዊ ቡድን የሚመርጠው ከእንደዚህ ዓይነቶቹ ልጆች ነው።

በመሃል ደግሞ "የቀረውን ብር ለከተማችን የወንዶች ክለብ ለፋሲል ከነማ እናውለው" የሚል ሐሳብ መጣ። የፋሲል ፍቅር እኔንም አያልፈኝም። በ2013 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ሲወስዱ በዚህ ዕድሜዬ ፒያሳ ላይ እስክስታ ወርጃለሁ፣ ያያችሁኝ አላችሁ፣ አትሳቁ። ግን ዐፄዎቹ ደጋፊ መቼ አጡ? የእኛን ልጆች ቅዳሜ ጠዋት የሚያያቸው እረኛና እኔ ነን። ይቅርታ፣ አንዲት እናትም አሉ። "ልጄን እግሯን ሊሰብሯት ነው" ብለው ሊወስዷት መጥተው ነበር። አሁን ዳኛ ላይ የሚጮኹት እሳቸው ናቸው።

እዚህ የተቀመጣችሁትን አይደለም የምወቅሰው። ችግሩ ይኸው ነው፤ ሊሰማ የሚገባው አልመጣም። ከኋላ ያሉትን ባዶ ወንበሮች ሆን ብዬ አላስነሳሁም። የማን የማን እንደሆኑ እናውቃለን።

"ሲያሸንፉ ጥሩኝ" ያልከው ወንድሜ፣ ቤትህን አውቀዋለሁ። ነገ ከቅዳሴ መልስ የደረሰኝ ደብተሩን ይዤ እመጣለሁ፣ ቡና አስፈላልኝ። ባትከፍልም ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ አዘዞ ና። ያቺ ልጅ ታኬታ ስትቀይር ኳሱን የሚይዝላት ሰው እንኳን የለም።

ጉባኤው ተከፍቷል። ገንዘብ ያዣችን፣ ነይ አንብቢልን፤ የቀረንን ብር ሳትደብቂ ንገሪያቸው።