ጉብታውን ሰንጥቃችሁ እዩት

የተከበራችሁ አምራቾች፣ ነጋዴዎችና የግብርና ባለሙያዎች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

ዛሬ አበባው ለሻይና ለመድኃኒት የሚሆነውን የካሞሚልን ዘር የምንከፋፈልበት ቀን ነውና ስለ አዘራርና ስለ ማድረቅ መናገሬ አይቀርም። ከሁሉ በፊት ግን ካሞሚል ሳይሆን ካሞሚል ተብሎ ስለሚሸጠው ልናገር።

ነጭ ቅጠል የከበበው ቢጫ አበባ ሁሉ ካሞሚል አይደለም። ተክሉ ከኑግ፣ ከሱፍና ከአደይ አበባ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ መሳዩ ብዙ ነው። ለመለየት አንድ ምላጭ ይበቃል። አበባውን ቅጠፉና ቢጫውን ጉብታ ከአናቱ እስከ ዘንጉ ለሁለት ሰንጥቁት። እውነተኛው ማትሪካሪያ ካሞሚላ ጉብታው ሾጠጥ ያለ ነው፤ ውስጡም ክፍት ነው። አንቴሚስ ኮቱላ የሚባለው መሳዩ ግን ድፍን ነው፤ ወደ ጫፉ በጥቃቅኖቹ አበቦች መካከል እብቅ የመሰለ ነገር ይታይበታል። ሽታውም ይከረፋል። በውስጡ ያለው አንቴኮቱሊድ ቆዳ ያሳክካል፣ ያቆስላል። የሮማ ካሞሚልም ውስጡ ድፍን ነው፤ እሱ መድኃኒትነት አለው፣ ግን ሌላ ተክል ነውና በራሱ ስም ይሸጥ።

እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ፈጭቶ፣ አሽጎ፣ «ካሞሚል» ብሎ የሚጽፍ አለ። የተፈጨ አበባ ማን ሰንጥቆ ያያል? ሆዱን ለቆረጠው ሰው አፍልታ የምታጠጣው እናት በምን ትለየው? ይህ ንግድ አይደለም፤ ማታለል ነው! ዱቄቱን አትግዙ፤ አትሽጡም! አበባው ሳይፈጭ፣ ሙሉውን ይሸጥ!

እውነተኛውም ቢሆን አንድ ወጥ አይደለም። የዱሩ በየሴሉ 18 ክሮሞሶም፣ ማለትም ውርስ የሚሸከሙ ክሮች፣ አለው። ቦዴጎልድና ዝሎቲ ላን የተባሉት ዝርያዎች 36 አላቸው፤ አበባቸው ተለቅ ይላል። ቦና ግን 18 ነው። ሁለቱን ዓይነት ጎን ለጎን ብትዘሩ ነፍሳት ያዳቅሏቸዋል፤ የሚወለደው 27 ክሮሞሶም ይኖረውና አብዛኛው ዘር አይቋጥርም። ከዚያ ማሳ ዘር ይዞ ለከርሞ የሚዘራ ሰው ይከስራል።

የዘይቱም ዓይነት የሚወረስ ነው። አንዱ ቢሳቦሎል የተባለው የዘይቱ ንጥረ ነገር ይበዛበታል፣ ሌላው ቢሳቦሎል ኦክሳይድ፤ አንዱን በማዳበሪያ ወደ ሌላው መለወጥ አይቻልም። ሰማያዊው ቀለም አበባው ላይ የለም፤ ማትሪሲን የተባለው ቀለም አልባ ንጥረ ነገር በእንፋሎት ሲነጠር ወደ ካማዙሊን ስለሚለወጥ ነው የሚመጣው። ማትሪሲን የሌለውን ዝርያ ምንም ብታነጥሩት ሰማያዊ ዘይት አይወጣውም። የአውሮፓ የመድኃኒት መለኪያ ደግሞ ከ1 ኪሎ ደረቅ አበባ ቢያንስ 4 ሚሊ ሊትር ሰማያዊ ዘይት ይጠይቃል።

ዘሩ ደቃቅ ነው፤ ከአሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ በትኑት፣ አፈር አታልብሱት፣ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። ነጮቹ ቅጠሎች አግድም ሲዘረጉ ልቀሙ። ወደ ታች ከታጠፉ ዘግይታችኋል፤ አበባው ሲደርቅ ይፈረካከሳል። በጥላ፣ ሳሳ አድርጋችሁ፣ ከ40 ዲግሪ በታች አድርቁ። ከ5 ኪሎ እርጥብ 1 ኪሎ ገደማ ደረቅ ይገኛል።

ለሻይ 3 ግራም በ150 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ፣ ተከድኖ 10 ደቂቃ ይቆይ፤ ካልተከደነ ዘይቱ ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። የዚህ ቤተሰብ አበቦች አለርጂ ያለበት አይጠጣው፤ ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድም አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

በየከረጢቱ ላይ 18 ወይም 36 ተብሎ ተጽፏል። ስትረከቡ አንብቡት፤ ጎረቤታችሁ የትኛውን እንደወሰደም ሳትጠይቁ አትሂዱ።

አመሰግናለሁ።