ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው
(በደብረ ብርሃን ለወጣት ሙዚቀኞች የተደረገ ንግግር)

እንደምን አረፈዳችሁ! አባቶች፣ እናቶች፣ በተለይ ደግሞ እዚያ ኋላ ጋቢ ተከናንባችሁ የተቀመጣችሁ ወጣቶች። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ስለተቀመጠች በጋቢው አይፈረድባችሁም። እኔም ከኮቴ ሥር ሁለት ሹራብ ደርቤያለሁ።

ስለ ሚክሲንግ፣ ማለትም የተቀዱትን ድምፆች አመጣጥኖ አንድ ዘፈን ስለማድረግ፣ ተናገር ተብዬ ነው የመጣሁት። ዘፋኙ የሚፈልገው ሌላ፣ ባለሙያው የሚለው ሌላ ሲሆን የማን ይሰማ? በሁለቱም ወንበር ተቀምጬ አይቼዋለሁ። ማሲንቆ እየገዘገዝኩ ጀመርኩ፤ ዛሬ የሰው ዘፈን ሚክስ አደርጋለሁ። ስለዚህ ከከሰስኩ ራሴንም ነው።

ከመጀመሪያው ስቱዲዮዬ ልነሳ። ስቱዲዮ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። የተከራየኋት አንዲት ክፍል ናት። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ስፖንጅ ለመግዛት አቅም አልነበረኝም። እናቴ ከመንዝ የላከችልኝን ባና ሰቀልኩ። ጎረቤቶቼ አሮጌ ብርድ ልብስ ጨመሩልኝ፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ኖሮ ብርድ ልብስ ማጣት አይቻልም። ክፍሏ ጭጭ አለች። ሳጨበጭብ የሚመለስ ድምፅ የለም። ኮራሁ።

ለካ ሱፉ የሚውጠው ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው። ወፍራሙ ድምፅ፣ ቤዙ፣ ባናውን ዘልቆ ግድግዳውን መትቶ ይመለሳል። እኔ ታዲያ የምሰራው ሁሉ የደበዘዘና ቤዝ የበዛበት ይመስለኛል። ቀጭኑን እጨምራለሁ፣ ቤዙን እቀንሳለሁ። ወር ሙሉ እንዲህ ስል ከረምኩ። ከዚያ አንድ ቀን ወደ ደብረ ሲና ስሄድ ፍላሹን ለሚኒባስ ሾፌር ሰጠሁት። ገና ጣርማ በር ሳንደርስ፣ «ኧረ በናትህ ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ጆሮዬን ወጋኝ!» ብሎ ነቀለው።

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ አኮረፍኩ። ሰውየው ግን ልክ ነበር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። አባቶቻችን ይህን ያሉት ስለ ሐሜት ነው። እኛ ሙያ ላይ ግን ቃል በቃል ይሠራል። አንድን ዘፈን አራት ሰዓት ደጋግማችሁ ከሰማችሁት ጆሯችሁ ይለምደዋል። የሚወጋው መውጋቱን ያቆማል። ያኔ የሰው ጆሮ መበደር ግድ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሾፌሩ «ወጋኝ» አለ እንጂ «4,000 ሄርዝ ላይ ቀንስ» አላለም፤ ሄርዝ የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ ነው። ሰው ምን እንደተሰማው ሲነግራችሁ እመኑት። ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ሲነግራችሁ ግን ቆም በሉ።

አንድ የሠርግ ዘፋኝ «ድምፄን ጨምርልኝ» አለኝ። ጨመርኩለት። ሰማና «አሁንም ጨምር» አለ። ጨመርኩ። በሦስተኛው ድምፁ ከሙዚቃው ተለይቶ ውሃ ላይ እንደፈሰሰ ዘይት ሆነ። እሱ ግን አሁንም አልጠገበም። ማታ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሳዳምጥ ነገሩ ገባኝ። ማሲንቆና የሰው ድምፅ አንድ ሰፈር ነው የሚኖሩት። ጆሯችን ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚነቃው ከ2,000 እስከ 5,000 ሄርዝ ባለው አካባቢ ነው። ሁለቱም እዚያ ይጋፋሉ። የሱን ድምፅ ወደ መጀመሪያው ቦታ መለስኩት። እሱ አፉን በከፈተ ቁጥር ብቻ ማሲንቆውን እዚያች ሰፈር ላይ 3 ዴሲቤል ያህል ዝቅ አደረግኩት። ጠዋት መጥቶ ሰማና «አየህ፣ ስትጨምርልኝ እንዴት እንዳማረ!» አለ።

ሙያ በልብ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። በራሴ ሥራ ላይ ማሲንቆው ሰፊ ሆኖ፣ ተራራውን ሁሉ ሞልቶ እንዲሰማ ፈለግኩ። ቅጂውን አባዝቼ አንዱን ግራ፣ አንዱን ቀኝ አደረግኩ። የአንዱን ሞገድ ደግሞ ገለበጥኩት። በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ ጉድ ነው! አንድ ጓደኛዬ «ሞኖ አድርገህ፣ ግራና ቀኙን ወደ አንድ ደምረህ ስማው» አለኝ። እኔ እቴ! «ይሄ ራእይ ነው፣ አንተ ቴክኒክ ብቻ ነው የምታየው» ብዬ መለስኩለት። ሁለት ሳምንት ያህል እንደ ልብ አላወራሁትም። በኋላ የአክስቴ ልጅ በስልኩ ከፈተልኝ። አንድ ስፒከር ብቻ ያለው ስልክ ነው። ከበሮው አለ፣ ድምፄ አለ፣ ማሲንቆው የለም። ጭራሽ! ግራና ቀኙ አንድ ላይ ሲደመሩ የተገለበጠው ሞገድ ያልተገለበጠውን አጥፍቶታል። ማሲንቆ የሌለበት የማሲንቆ ዘፈን ሠራሁ ማለት ነው።

ስለዚህ «ራእዬ ነው» የምትሉ ልጆች፣ አንዳንዴ «ሰንፌ ነው» ማለታችሁ እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ።

በተቃራኒው የሆነውን ደግሞ ስሙ። አንድ በዕድሜ የገፉ አዝማሪ ቀዳሁ። ቀኑ ዝናባማ ስለነበር የማሲንቆው ቆዳ ረግቧል። ከሰል ዳር ይዘው አሞቁት፣ በጣታቸው ኳ ኳ አድርገው ፈተኑት፣ ከዚያ ጀመሩ። ቅኝቱ አንቺ ሆዬ ነበር። ቅጂውን ከእኔ ለሚበልጥ አንድ ባለሙያ ላክሁለት። ሦስት ነገር አስተካክሎ መለሰው። ከሥር ያለውን የኤሌክትሪክ እምምታ አጠፋ። «ፐ» ሲሉ ማይኩን የሚመታውን ትንፋሽ አለዘበ። በመጨረሻም ድምፃቸውን በአውቶቲዩን፣ የዘፋኝን ዜማ በሚያስተካክለው ሶፍትዌር፣ አቃና። ንጹሕ ሆነ፣ አንድ እንከን አይወጣለትም።

ጋሼ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። ከዚያ ቀና ብለው «ልጄ፣ ይሄ ማነው?» አሉኝ።

አውቶቲዩን በፈረንጆቹ 1997 ገበያ ላይ የወጣ ነው። ሌላ ካልታዘዘ በቀር ኦክታቩን 12 እኩል ደረጃ አድርጎ ነው የሚያየው። በሁለት ደረጃ መካከል የቆመ ድምፅ ሲያገኝ ስህተት ነው ብሎ ወደሚቀርበው ይጎትተዋል። ጋሼ ግን መካከሉ ላይ የቆሙት አውቀው ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲንሸራተቱ መንገዱ ራሱ ዜማ ነው። ማሽኑ መንገዱን ቆርጦ መነሻና መድረሻውን ብቻ አስቀረ። ባለሙያው አልተሳሳተም፤ ማንም ስለ አንቺ ሆዬ አልነገረውም። ያልነገርኩት እኔ ነኝ። ሙያ በልብ ነው የምንለው እዚህ ላይ ይጎዳናል። ልባችን ውስጥ ያለውን ሚክስ የሚያደርገው ሰው ከየት ያገኘዋል?

ከዚያ ወዲህ የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያውን፣ ፌደሩን፣ ከመንካቴ በፊት አንድ መስመር እጽፋለሁ። ለጋሼ ሥራ የጻፍኩት «እሳት ዳር ተቀምጦ ለአንድ ሰው እንደሚነግር» የሚል ነው። አስተያየት ሲመጣ ከዚህ መስመር ጋር አስተያየዋለሁ። እሳት ዳር የኤሌክትሪክ እምምታ የለም፣ ስለዚህ ይጥፋ። «ሪቨርብ ጨምርበት፣ እንደ አዳራሽ ይሁን» ላለኝ ሰው ግን አመስግኜ ተውኩት። እሳት ዳር አዳራሽ ምን ይሠራል? አውቶቲዩኑም ወጣ። ከሦስቱ ማስተካከያ ሁለቱን ወሰድኩ ማለት ነው።

በገና የምትደረድሩ ካላችሁ ይህን በተለይ ያዙ። ክሩና ድልድዩ መካከል ያለችው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራዋ፣ ናት ያንን የሚነዝር ድምፅ የምትሰጠው። በገና አይቶ የማያውቅ ሰው ጫጫታ ነው ብሎ ሊያጸዳው ይችላል። አስቀድማችሁ ንገሩት።

«የኔ ዘፈን ከሌላው ያንሳል፣ ጮክ አድርግልኝ» ስለሚለው ጭቅጭቅ ብዙ አልልም። ዩቲዩብ በጣም የጮኸውን ራሱ ዝቅ ያደርገዋል። አንድ ነገር ብቻ፦ ሁለት ሚክስ ስታወዳድሩ መጀመሪያ ድምፃቸውን እኩል አድርጉ። ጆሮ ትንሽ ጮክ ያለውን «የተሻለ» ብሎ ይመርጣል። እኔ በዚህ ስንቴ እንደተሸወድኩ አትጠይቁኝ።

አሁን የጋሼን ዘፈን ሁለት ጊዜ አሰማችኋለሁ። አንዱ በአውቶቲዩን የተቃናው ነው፣ ሌላው እሳቸው እንዳሉት የተተወው። እሳቸውም ፈቅደውልኛል፣ እዚህ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። የቱ የቱ እንደሆነ አልነግራችሁም። ድምፃቸውን እኩል አድርጌዋለሁ። እባካችሁ በሩን ዝጉት፣ ንፋሱ ማይኩ ውስጥ እየገባ ነው።