ጣና 14 ሜትር፣ ሰዓቱ 30 ሜትር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፤ እኔና ማይክሮፎኑ ብቻ ነን። ከኋላ የሚሰማችሁ የጀልባ ሞተር ነው። ወደ ዘጌ የሚሻገሩት እየተሳፈሩ ነው፣ ትንሽ ታገሱልኝ።

በሒሳብ ልጀምር። ጣና ጥልቅ በሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ውድ ሰዓት ጀርባው ላይ 30 ሜትር ይላል። እንግዲህ ሰዓቱን አስሮ ወርዶ የሐይቁን ጭቃ የዘገነ ሰው እንኳ የተጻፈውን ግማሽ አልደረሰም። ታዲያ ያው ሰዓት እዚህ ዳር ላይ፣ ውሃው ከወገብ ሳያልፍ፣ መስታወቱ ከውስጥ ጉም የሚለብሰው ምን ሆኖ ነው?

ቁጥሩ የመዋኛ ጥልቀት ስላልሆነ ነው። 10 ሜትር ውሃ ወደ 1 ባር ግፊት ነው፤ 30 ሜትር 3 ባር፣ 100 ሜትር 10 ባር። ጀርባው ላይ የተጻፈው፣ ሰዓቱ አዲስ ሳለ፣ ውሃ የሚከለክለው ላስቲክ ሳያረጅ፣ ሳይነቃነቅ፣ ለጥቂት ደቂቃ የቻለው ግፊት ነው። ተራው ሰዓት የሚመዘንበት ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ አይኤስኦ 22810፣ ከምርቱ ናሙና እያነሡ መፈተንን ይፈቅዳል። ስለዚህ የእናንተው ሰዓት ራሱ ተፈትኖ ላይሆን ይችላል። የጠላቂዎቹ መስፈርት 6425 ግን ከረር ይላል፦ እያንዳንዱ ሰዓት ይፈተናል፣ ያውም ከተጻፈበት 25 በመቶ ጨምሮ። 200 ሜትር የተባለው 25 ባር ችሎ ነው የሚወጣው።

ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዋጋው ላይ ነው። የፓቴክ ፊሊፕ ካላትራቫ 30 ሜትር ነው። የካርቲየር ታንክ፣ ስሙ ታንክ ቢሆንም፣ ያው 30። ጨረቃ ድረስ የሄደው የኦሜጋ ስፒድማስተር 50 ሜትር ነው፤ ጨረቃ ላይ ውሃ የለምና አይፈረድበትም። የሮሌክስ ዴትጀስት 100፣ ሰብማሪነሩ 300። የካሲዮ ጂ ሾክ ግን፣ ከእነዚህ የአንዱን ማሰሪያ እንኳ በማይገዛ ዋጋ፣ 200 ሜትር ነው። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ 30 የተባለው እጅ ለመታጠብና ለዝናብ ነው፤ 50 የተባለው በቅርቡ ከተፈተነ ረጋ ላለ ዋና ይበቃል፤ ሐይቅ ውስጥ ለሚዘልና ለሚጠልቅ ሰው ከ100 በታች አይሆንም። መቶውም ቢሆን ጎኑ ላይ ያለው መሙያ ተጠምዝዞ የሚጠብቅ ይሁን።

አሁን አንድ የተለመደ ወሬ እናፍርስ። «ሲዋኙ እጅ ሲወናጨፍ ግፊቱ አሥር እጥፍ ይጨምራል፣ ሰዓቱን የሚገድለው እሱ ነው» ይባላል። ስሌቱ ይህን አይልም። ዋናተኛ እጁን በሰከንድ 3 ሜትር ቢወረውር፣ ፍጥነቱ የሚጨምረው ግፊት ከግማሽ ሜትር ጥልቀት ያነሰ ነው። ከ3 ሜትር ከፍታ ቢዘል ደግሞ ውሃውን ሲነካ ለቅጽበት የሚጨመረው 3 ሜትር ያህል ነው። ይልቅ የሚያስፈራው በጎማ የሚረጭ ውሃ ነው። በሰከንድ 15 ሜትር የሚወረወር ውሃ በቀጥታ ሲመታ 11 ሜትር ጥልቀት እንደ መግባት ይቆጠራል። ጥር 11 ቀን ጸበሉ በጎማ ሲረጭ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው የሚቀበሉ ሰዎች፣ ሰዓታቸውን ከማንኛውም የሐይቅ ዋናተኛ በላይ እየፈተኑት ነው። ያውም ከረፋድ ጀምሮ ፀሐይ ሲጠብሰው የቆየ ሰዓት።

ሙቀቱን እዚህ ላይ ያዙልኝ፣ ዋናው ነገር እሱ ነውና። ሰዓት ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ አየር ነው። ፀሐይ ላይ ተቀምጦ 50 ዲግሪ የደረሰ ሰዓት 23 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ድንገት ሲገባ፣ የውስጡ አየር ግፊት በ8 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ያን ጊዜ ሰዓቱ ይስባል። ጥብቅ ከሆነ ምንም አይገባም፤ የላላ ቀዳዳ ካለ ግን ውሃው ሳይገፋ ተጠርቶ ይገባል። አንድ እንግዳ ነገርም አለ፦ ከፍ ያለ ግፊት ላስቲኩን ቦታው ላይ ጨምቆ ይዘጋዋል፣ ዝቅ ያለ ግፊት ግን አይጨምቀውም። ስለዚህ 10 ባር የቻለ ሰዓት ግማሽ ሜትር ውሃ ውስጥ ሊያፈስ ይችላል። የ6425 ፈተናም ሰዓቱን በ25 በመቶ ትርፍ ግፊት 2 ሰዓት ካቆየው በኋላ፣ ወደ 0.3 ባር አውርዶ አንድ ሰዓት ያቆየዋል። ያቺ የመጨረሻዋ ሰዓት የጣና ዳር ፈተና ናት በሉት።

ስለዚህ ፍልውሃ ሰዓት አስሮ አይገባም። ዋንዛዬ ፍልውሃ የምትወርዱ፣ 300 ሜትር ቢጻፍበትም አውልቁት። ሙቁ ውሃ ብረቱንና ላስቲኩን በተለያየ መጠን ይለጥጣል፣ እንፋሎቱ ከውሃ ይልቅ በጠባብ ቀዳዳ ያልፋል፣ ወጥታችሁ ነፋስ ሲመታው ደግሞ ይስባል። ሳውናና የሙቅ ሻወርም ያው ናቸው፤ ሻወሩ ሳሙና ይጨምርበታል።

ላስቲክ ላስቲክ እያልኩ ነው፤ ቀረብ ብለን እንየው። ውሃ የሚገባባቸው በሮች መስታወቱ ዙሪያ፣ የጀርባው ክዳን፣ ጎኑ ላይ ያለው መሙያ፣ ክሮኖግራፍ፣ ማለትም ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት፣ ከሆነም የሚጫኑት ቁልፎች ናቸው። እያንዳንዱ በር ላይ ከ1 ሚሊ ሜትር የማይወፍር ኦሪንግ የሚባል የላስቲክ ቀለበት ተቀምጧል። የጀርባ ክዳኑ ሲከፈት ጤነኛ ኦሪንግ በወረንጦ ሲነሣ ድቡልቡል ነው፣ በሲሊኮን ግራሶ ያበራል፣ ሲጎትቱት ተለጥጦ ይመለሳል። ያረጀው አራት ማዕዘን ሆኖ ይወጣል፤ የተጨመቀበትን ቅርጽ ይዞ ቀርቷል። የባሰው ደግሞ እንደ ሬንጅ ይጣበቃል ወይም በወረንጦው ይበጣጠሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከውጭ ሰዓቱ አንድ ጭረት ሳይታይበት ነው። መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦም ያረጃል። ከአባት የተወረሰ ሰዓት ላይ ያለው ቁጥር፣ ኦሪንጎቹ ካልተለወጡ፣ እንደ ሌለ ይቆጠር።

ላስቲኩን ከዕድሜው በፊት የሚያስረጁት የገንዳ ክሎሪን፣ ሽቶና የፀሐይ ክሬም ናቸው። እዚህ አገር ደግሞ የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት አለ። ዲት የሚባለው ኬሚካል ያለበት ቅባት ፕላስቲክ ያሟሟል። የድሮ ሰዓቶች መስታወት አክሪሊክ ስለሆነ ፊቱ ይደበዝዛል፣ ጠርዙ ላይ ከተጠራቀመም መዝጊያውን ይነካል። ማምሻውን ሐይቅ ዳር የምትቀመጡ፣ ቅባቱን ተቀቡ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ከዚያ ሰዓቱን እሰሩ።

መሙያው ላይ ትንሽ ልቆይ። ከሌላው ዓለም ይልቅ እኛን የሚጎዳ ነገር አለበት። ቀን የሚያሳይ ሰዓት ቁጥሩ እስከ 31 ነው። የፈረንጁን አቆጣጠር የሚከተል ሰው በዓመት 5 ጊዜ ያስተካክለዋል። የእኛ ወር 30 ቀን ነው፤ ስለዚህ በየወሩ፣ ጳጉሜ ሲያልቅም አንድ ጊዜ፣ በድምሩ 13 ጊዜ። ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር ለሚሞላ፣ ቀኑ የሚለወጠው ወይ ጠዋት 12 ወይ ማታ 12 ስለሆነ፣ ያን ለማስማማት ሌላ መጎተት አለ። መሙያው በተፈታና በተጎተተ ቁጥር በውስጡ ያለው ኦሪንግ ይፋተጋል። ከመፋተጉ የሚከፋው ግን መርሳት ነው። የሮሌክስ፣ የቱዶር፣ የኦሜጋ ጠላቂ ሰዓት መሙያ እንደ ቡሎን ነው የሚታሰረው፤ ተገፍቶ ብቻ ከቀረ 300 ሜትሩ የለም። አጠባበቁ እንዲህ ነው፦ መሙያውን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋችሁ መጀመሪያ ወደ ኋላ አዙሩት፤ ጥርሱ «ጠቅ» ብሎ ሲገጥም ወደ ፊት አጥብቁ። በጣት ጉልበት እስኪቆም ብቻ፣ በፒንሳ አይደለም። ገና ሲጀምር ከከበደ ጥርሱ ተዛንፏል፣ ፍቱና እንደገና ጀምሩ። ውሃ ውስጥ ደግሞ መሙያም ቁልፍም አይነካም።

እግረ መንገዴን፣ በ1926 የወጣው የሮሌክስ ኦይስተር ዝና ያገኘው ሜርሴዲስ ግሊትዝ የተባለች እንግሊዛዊት ዋናተኛ በ1927 የእንግሊዝን ቻናል ለማቋረጥ ስትሞክር ይዛው በመግባቷ ነው። ውሃው ቀዝቃዛ ስለነበር ሳትጨርስ ወጣች፤ ሰዓቱ ግን እየሠራ ነበር። ማስታወቂያው የማይነግራችሁ ነገር ሰዓቱ አንገቷ ላይ እንደ ነበር፣ አዲስ እንደ ነበር፣ መሙያውም ተጠምዝዞ እንደ ተዘጋ ነው።

የከፍታው ጉዳይ ደግሞ ብዙ ያከራክራል፤ አጭር ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሩ 0.8 ባር ቢሆን ነው። እዚህ የተዘጋ ሰዓት ጅቡቲ ሲወርድ የ2 ሜትር ውሃ ያህል ግፊት ይጨመርበታል። ያ ብቻ ነው።

የጣና የራሱ ችግር ደለሉ ነው። ጨው የለውም፣ ያ በጎ ነው። ነገር ግን ጉማራና ርብ የሚያመጡት ድቃቅ አፈር፣ እምቦጩ ባለበት ደግሞ የበሰበሰው ሥር፣ ዙሪያውን የሚዞረው የሰዓቱ ቀለበት ሥር ይገባል፤ ሲደርቅ ቀለበቱ ይነክሳል። ስትወጡ መሙያው መጥበቁን አይታችሁ፣ ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ቀለበቱን ሁለት ሦስት ጊዜ አዙሩት፣ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አሹት። የቆዳ ማሰሪያ ውሃ ውስጥ አይገባም፤ ይሸታል፣ ስፌቱ ይበሰብሳል። ማሰሪያውን የሚይዘውን ባለ ሞላ ቀጭን ፒን ደግሞ እዩት። በሳንቲም የሚገዛ ፒን ከዛገ፣ በመቶ ሺዎች የተገዛው ሰዓት ታንኳው ጠርዝ ላይ ተንሸራትቶ ይወርዳል። በዚህ ድፍርስ ውሃና በዚያ ጭቃ ውስጥ ደግሞ ክንድ ያህል ጥልቀትም ቢሆን አይገኝም። ስለዚህ ከፒኖቹ ሥር አልፎ የሚታሰር አንድ ወጥ የናይለን ማሰሪያ ይሻላል፤ አንዱ ፒን ቢሰበር በሌላው ይንጠለጠላል።

ፎርጅዱን ረሳሁት። ኮፒ ሰዓት ላይ 300 ሜትር ተብሎ የተጻፈው ከስሙ ጋር አብሮ የተቀዳ ጽሑፍ ነው።

ባትሪ ከተለወጠ ወይም ጀርባው ለማንኛውም ነገር ከተከፈተ፣ ቁጥሩ እንደገና እስኪፈተን ታግዷል በሉ። ኦሪንጉ ሲዘጋ ከጠርዙ ወጥቶ ይቆረጣል፣ ወይም አንድ ፀጉር መሐሉ ይቀራል። የውሃው ፈተና አሠራሩ ደስ ይላል። ሰዓቱ ከውሃው በላይ ባለው አየር ውስጥ ይሰቀላል፣ በፓምፕ 3 ወይም 6 ባር ይሞላል፣ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል፤ ቀዳዳ ካለ አየሩ ሰርጎ ይገባል። ከዚያ ሰዓቱ ወደ ውሃው ይወርድና ግፊቱ በቀስታ ይለቀቃል። ተከታታይ የአረፋ መስመር ከመሙያው ሥር ከወጣ በሩ ተገኘ። ያን ጊዜ ሰዓቱ ግፊቱ ሳያልቅ ወዲያው ከውሃው መነሣት አለበት፤ ቸል ከተባለ አየሩ በወጣበት ውሃ ይገባል። በአየር ብቻ የሚፈትን ማሽንም አለ፣ ለጥንታዊ ሰዓት የሚመከረው እሱ ነው። በየዓመቱ፣ ወይም ከዋና ወራት በፊት፣ አንድ ጊዜ ይፈተን።

ጉም ከታየስ? ሩዝ ውስጥ መቅበር፣ ጤፍም ቢሆን፣ ከንቱ ነው፤ እርጥበቱ ውስጥ ነው፣ እህሉ ውጭ። ፀጉር ማድረቂያውም እንፋሎቱን ወደ ማሽኑ ያስገባዋል። አትሙሉት፣ አታንቀጥቅጡት፣ ኳርትዝ ከሆነ ባትሪው ይውጣ። በዚያው ቀን፣ ቢበዛ በማግስቱ፣ እጁ የታመነ ሰዓት ሠሪ ጀርባውን ይክፈተው፤ ለብ ባለ መብራት ሥር አፉን ከፍቶ ይደር። ዝገት መጀመሪያ የሚይዘው መሙያው የሚያዝበትን ብረትና ትንንሾቹን ቡሎኖች ነው፤ በቀናት ውስጥ ይጀምራል። ሙሉ እድሳቱ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ድረስ ወራት ሊጠብቅ ይችላል። ማድረቁ ግን እዚሁ፣ ዛሬ መደረግ አለበት፤ ተዘግቶ ከነውሃው በፖስታ የተላከ ሰዓት ሲደርስ ማሽኑ ቡናማ ሆኖ ነው የሚከፈተው።

ጀልባው ሄደ። በቸር ያገናኘን።