ከመሶብ የተረፈው ለጫጩት ሲሰጥ

(ምስል፦ ጎንደር፣ ዝናባማ የሐምሌ ጠዋት። በረንዳ ላይ የተቀመጠ ካርቶን፣ በውስጡ ዐሥር ጫጩቶች።)

እነዚህ ጫጩቶች ከተፈለፈሉ 26ኛ ቀናቸውን ይዘዋል። የመሶቡን መክደኛ ድምፅ ለይተው ያውቁታል፤ እንጀራው ሳይወጣ ካርቶኑ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥለው ይጮኻሉ። እንዲህ እየለመኑ ባዶ እጅን መመለስ ይከብዳል። ነገር ግን ጫጩት የሚከሳው በረሃብ ብቻ አይደለም። ሆዱ በእንጀራ ጢም ብሎም ይከሳል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አጥንቱን፣ ሥጋውንና ላባውን በአንድ ጊዜ ይሠራል። ለዚህም ከሚበላው ውስጥ ከ18 እስከ 20 በመቶው ፕሮቲን መሆን አለበት። እንጀራ ቢደርቅ እንኳን ያለው 10 በመቶ ገደማ ነው። ደረቱ ላይ ያለችው የምግብ ከረጢት ደግሞ ትንሽ ናት፤ እንጀራ ቀድሞ ከሞላት ለመኖው ቦታ የላትም። ስለዚህ እስከ 14ኛው ቀን ድረስ ከጫጩት መኖና ከንጹሕ ውኃ ሌላ አልሰጥም። የምፈቅደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በደንብ ተቀቅሎ በሹካ የደቀቀ እንቁላል፣ ያውም በጥቂቱ። ፍልሰታ ሲገባ እንቁላሉ ከቤት ስለሚተርፍ ለዚህ ይመቻል።

(ምስል፦ ሚዛን ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ፍርፋሪ።)

ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ትርፍራፊ መቅመስ ይችላሉ። መጠኑ ግን ከቀን ምግባቸው ከዐሥር አንድ እጅ አይለፍ። የአንድ ወር ጫጩት በቀን 30 ግራም ገደማ ይበላል። ለዐሥሩ 300 ግራም ማለት ነው፤ ከዚያ ውስጥ የትርፍራፊው ድርሻ 30 ግራም ብቻ ይሆናል። አሁን ሚዛኑ ላይ የምታዩት ለዐሥሩም ነው።

እናት ዶሮ ያላቸው ጫጩቶች ታድለዋል። እሷ ቅጠሉን በመንቆሯ በጣጥሳ፣ ጠርታ ፊታቸው ትጥልላቸዋለች። በካርቶን ለሚያድጉት ይህ ሥራ የእኛ ነው። የጎመኑን አገዳ አውጥቼ ቅጠሉን ለወጥ ከሚከተፈው አድቅቄ እከትፈዋለሁ፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ከስንዴ ፍሬ አይበልጥም። ረጅም ቃጫ ተጠቅልሎ ከረጢቷን ይዘጋል። ቆስጣ፣ የተቀቀለ ካሮትና ዱባ፣ ጨው ያልነካው ሩዝ ሁሉ ይሆናሉ። ጫጩት ጥርስ የለውም፤ የሚፈጨው በዋጠው ጠጠር ስለሆነ፣ ታጥቦ የደረቀ ሻካራ አሸዋ በትንሽ ዕቃ አጠገባቸው ይቀመጥ።

(ምስል፦ የወጥ ድስት፣ ጥጉ ላይ የቀረ ሽሮ።)

ወጥስ? ጎረቤታችን እማማ፣ «ልጄ፣ በርበሬ ያለበትን እንዳትሰጫቸው፣ አንጀታቸውን ይልጠዋል» ይሉኛል። ወፎች ግን የበርበሬ ማቃጠል አይሰማቸውም። ከእማማ ጋር በአንድ ነገር እስማማለሁ፤ ወጡ አይሰጥ። የሚጎዳው ጨው ነው። የጫጩት ኩላሊት ገና አልጠነከረም፤ ጨው ሲበዛበት ውኃ ይጠጣል፣ ይጠማዋል፣ ደግሞ ይጠጣል፣ ኩሱ ይቀጥናል፣ ሆዱ ውኃ ቋጥሮ ያብጣል። ለሰው ምላስ ጣፋጭ የሆነው ወጥ ለእሱ ከልክ ያለፈ ነው።

ሽሮ ላይ ሌላም አለ፤ ጓያ። በደምቢያና በፎገራ ሰው እግሩን የተያዘበት ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በጓያ ውስጥ ያለው መርዝ ነርቭን ነው የሚመታው፤ ጫጩቶች ደግሞ ለእሱ እጅግ ስስ ናቸው። ጓያ የተቀላቀለበትን ጥሬም ዱቄትም አላስጠጋቸውም።

(ምስል፦ የሻገተ እንጀራ በቅርብ፤ አረንጓዴና ነጭ ነጠብጣብ።)

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከአራት ዓመት በፊት በነሐሴ ወር፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስድስት ጫጩቶች ሞቱብኝ። ፀሐይ የጠፋበት ሰሞን ነበር፤ እንጀራው ቶሎ ይሻግታል። እኔም የሻገተውን ቆርጬ ጥዬ፣ ደህና የመሰለውን ፈርፍሬ ሰጠኋቸው። የእንስሳት ሐኪም አንዱን ከፍቶ ጉበቱን አሳየኝ፤ ገርጥቶ፣ አብጦ፣ ቢጫ ሆኖ ነበር። ሻጋታው የሚያመርተው መርዝ ዐይን ከሚያየው ነጠብጣብ አልፎ ይሰራጫል። ፀሐይ ላይ ቢሰጣ፣ ምጣድ ላይ ቢሞቅ አይለቅም። ድርቆሽ ልትሰጧቸው ካሰባችሁ እንጀራው ትኩስ ሳለ ይድረቅ። ሻጋታ የነካው እንጀራም ይሁን ዳቦ ወይም በቆሎ ለጫጩት አይሆንም፤ ለትልቋም ዶሮ አይሆንም።

የቀሩትን በአጭሩ ልጥቀስ። አረንጓዴ የሆነ ወይም ያቆጠቆጠ ድንች፣ የአቮካዶ ልጣጭና ፍሬ፣ ያልበሰለ ቦሎቄ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የጠላ አተላ አይሰጡም። የእንቁላል ቅርፊት ለምትጥል ዶሮ መልካም ነው፤ ለጫጩት ግን ካልሲየሙ በዝቶ ኩላሊቱን ይጎዳል። ቄቧ ለመጣል እስክትደርስ ይቆይ። መኖ የሚወደድባችሁ ከሆነ ከትርፍራፊ ይልቅ የኑግ ፋጉሎ ይሻላል፤ ፕሮቲኑ 30 በመቶ አካባቢ ነው። እሱም ቢሆን ከእህል ጋር ተደባልቆ እንጂ ብቻውን አይሰጥም።

(ምስል፦ ምሽት። አንድ ጫጩት በመዳፍ ላይ፣ ጣት ደረቱን ሲዳስስ።)

ትርፍራፊውን የምሰጠው መኖውን ከጠገቡ በኋላ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ነው። ግማሽ ሰዓት ቆይቼ የቀረውን ጠርጌ አነሳለሁ፤ እርጥብ ምግብ ከኩስ ጋር ሲቀላቀል ደም የተቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው በሽታ ይከተላል። ማታ 1 ሰዓት ላይ አንድ በአንድ አንስቼ ደረታቸውን በጣቴ እዳስሳለሁ። ከረጢቷ ሞልታ ለስላሳ መሆን አለባት፣ እንደ ቡኮ ሊጥ። ጠዋት ደግሞ ባዶ ትሆናለች። ጠዋት ላይ ጠጥራ ካገኘኋት በዚያ ቀን ትርፍራፊ የለም፤ ውኃ፣ ጥቂት አሸዋ፣ መኖ። እስከ ማታ ካልለሰለሰች ወደ ሐኪም እወስደዋለሁ።